ያ ገጽ ለማን ነው?

መጻሕፍቱ የመጡት በሙዝ ካርቶን ነው። ሲስተር ሪማ ካርቶኑን ታቅፋ የእትዬ ሽታዬን ጸጉር ቤት በር በክርኗ ገፍታ ስትገባ፣ እኔና ቤተል ሙዝ መስሎን እየተገፋፋን ሮጥን። ስንከፍተው መጽሐፍ ሆኖ አገኘነው። ቤተል ወዲያው ፊቷን አዙራ ሄደች። እኔ ግን ከላይ ያለውን አንስቼ ልገልጠው ስል እትዬ ሽታዬ ከእጄ መነጨቀችኝ።

"ቆይ እስቲ! መጀመሪያ እናቶቻችሁ ይዩት።"

ዘመኑ በፈረንጆቹ 2006 ነው፤ የቤይሩት ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ማለት የጀመረችበት ወር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እትዬ ሽታዬ በሰው ቤት ሠራተኝነት መጥታ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ደክዋኔ ሰፈር ውስጥ የራሷን ጸጉር ቤት የከፈተች ሴት ናት። እሁድ ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ ትዘጋና እኛን የሐበሻ ልጆች ፊደል ታስቆጥረናለች። ስምንት ነበርን። አብዛኞቻችን የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረን ትምህርት ቤት የሚባለውን የምናውቀው ከአጥሩ ውጪ ነው። ሲስተር ሪማ ደግሞ ሊባኖሳዊት ነርስ ናት፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣች ትመዝነናለች፣ ጥርሳችንን ታያለች። "ልጆቹ እያደጉ ነው፣ ስለ ሰውነታቸው የሚነግራቸው ይፈልጋሉ" ያለችው እሷ ናት። የቤተሰብ ጤና የሚባል ትምህርት ሊጀመር፣ መጽሐፉን ግን እናቶቹ ራሳቸው ሊመርጡ ተስማሙ።

ችግሩ ትምህርቱ የሚሰጥበት ቃል አለመኖሩ ነበር። በእኛ ጸጉር ቤት ሁሉም ነገር "እንትን" ነው። በየወሩ ሴቶቹ ላይ የሚመጣው እንትን ነው። ወንዶቹ ልጆች ገላቸውን ሲታጠቡ የሚሸፍኑት እንትን ነው። ፖሊሶች መንገድ ላይ ወረቀት ሲጠይቁ "እንትኖቹ ዶራ ቆመዋል" ይባላል። አባቴ ራሱ እንትን ነበር፤ እናቴ "ያ እንትን" ከማለት በቀር ስሙን ጠርታልኝ አታውቅም። ስለዚህ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ስሰማ፣ እንትኑን ሁሉ ከራሴ እየሞላሁ ነበር የምረዳው። አብዛኛውን ጊዜ ስቼ።

እናቴ፣ ስሟ ባንቺ ነው፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ሐምራ ወርዳ በተመላላሽነት ሦስት ቤት ታጸዳለች። ከማዳሞቿ ጋር ከ"ዊ ማዳም" እና ከ"መርሲ" በላይ አትነጋገርም፤ ከእኛም ሴቶች ጋር እንደዚያው። ጠዋትና ማታ ኪኒን ትሰጠኛለች። "ለአጥንትሽ ነው፣ ቫይታሚን ነው" ትለኛለች፤ አብራኝ እሷም ትውጣለች። ቤተል ለምን እንደማትወስድ ብጠይቃት "የእሷ አጥንት ጠንካራ ስለሆነ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተልን ትግል መግጠም ተውኩ።

ዘቢባን ግን የማይወዳት ልጅ አልነበረም። እትዬ ሽታዬ ጋ ሹሩባ የምትሠራ የወሎ ሴት ናት፣ የሐይቅ ልጅ። ማዳሟን ጥላ ከወጣች ሰባት ዓመቷ ነበር፤ "ከእንግዲህ በሰው ቤት አዳሪ ሆኜ ብገባ ሰው አትበሉኝ" ትል ነበር። ስትስቅ ውጪ ያለው አትክልት ሻጭ ይሰማታል። የእኔን ጸጉር በየሁለት ሳምንቱ እሁድ እግሯ መሀል አስቀምጣ ትሠራኛለች። ሲያመኝ "አብሽሪ፣ አብሽሪ" እያለች በአውራ ጣቷ ቆዳዬን ታሻሸዋለች። ሌሎቹ ሴቶች ሲሠሩኝ አለቅስ ነበር፤ በእሷ እጅ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።

ያን እሁድ ልጆቹን ሁሉ ወደ ጓዳ አስገቡን፣ ጸጉር የሚታጠብበት ገንዳ ወዳለበት። በመሀላችን የፕላስቲክ መጋረጃ ነበር። ሌሎቹ በገንዳው ውኃ ሲራጩ እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ሴቶቹ በጸጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ሥር ባሉት ወንበሮች ላይ ተደርድረዋል፤ እናቴ በሩ አጠገብ፣ ዘቢባ ወለል ላይ ቁጭ ብላ የተጠቀለለ አርቲፊሻል ጸጉር ትፈታለች።

እትዬ ሽታዬ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከፍታ ለሁሉም እንዲታይ አዞረችው። የአትክልት ቦታ ያለው ትልቅ ቤት፣ ክራባት ያሰረ አባት፣ ጸጉሯ ወርቅ የመሰለ እናት፣ አልጋ ላይ ከትንሽ ልጃቸው አጠገብ የተኛ ውሻ።

"ይቺ የማን ልጅ ናት?" አለች እትዬ ሽታዬ።

"የማዳሜ!" አለች ዘቢባ። "ውሻውንም አወቅኩት፣ ስንቴ አጥቤዋለሁ።"

ሳቁ። የቤተል እናት ሙሉመቤት ግን አልሳቀችም። "ከሕፃን ጋር በአንድ ትራስ? ይሄ ነው ጤና የሚያስተምረው?"

"እኔ ያልገባኝ እሱ አይደለም" አለች እትዬ ሽታዬ። "ልጆቻችን ይሄን አይተው ቤተሰብ ማለት ይሄ ነው ካሉ፣ እኛን ምን ሊሉን ነው?"

መጽሐፉ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። ሁለተኛውን ሙሉመቤት ራሷ ተቀብላ መሀሉን ገለጠችው። ወዲያው ጠርቅማ ዘጋችው፣ አማተበች፣ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ተቀመጠችበት።

"ምነው?" አሏት።

"ይሄን ለልጅ? ይሄን እኔ አግብቼም አላየሁት!"

ሲስተር ሪማ በአረብኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ እትዬ ሽታዬ "ፓርዶን ትላለች፣ ለትልልቆቹ የሚሆነው ተቀላቅሎ መጥቶ ነው" ብላ ተረጎመች። ሙሉመቤት እስከ መጨረሻው ከላዩ አልተነሳችም።

ሦስተኛው ስስና ሰፊ ነበር። ውስጡ ጥቁርም ቀይም ልጆች አሉ። አንዱ ከአያቱ ጋር ይኖራል፣ አንዷ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት፣ ሁለት እህትማማቾች ከእናታቸው ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ገላ መታጠብ፣ ጥርስ፣ ከየት እንደመጣን፣ ማን ሊነካን እንደሚችልና እንደማይችል፣ ሁሉም ለልጅ በሚሆን ልክ ተጽፎበታል። ሙሉመቤት እንኳን ተንጠራርታ "እህቶቹን እዩአቸው፣ ታናሿ ቤተልን አትመስልም?" አለች። እትዬ ሽታዬ ደስ ብሏት ገጹን ታገላብጣለች። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

እኔ ካለሁበት ሥዕሉ ብቻ ይታየኛል፤ አንዲት ልጅ በአንድ እጇ የውኃ ብርጭቆ ይዛ፣ ሌላኛው መዳፏ ላይ ነጭ ነገር አስቀምጣለች። ከረሜላ መሰለኝ። ከእትዬ ሽታዬ ንግግር የደረሰኝ ሦስት ቃል ነው፤ "ደም"፣ "በየቀኑ" እና "አይተላለፍም"። የመጨረሻውን ቴሌቪዥን ላይ ስለማይተላለፍ ነገር አድርጌ ወሰድኩት።

እናቴ፣ ሰው ፊት የማትናገረው እናቴ፣ ድንገት "ይሄ ገጽ ይቀደድ" አለች።

ሁሉም ዞረው አዩአት።

"እውነቷን ነው" አለች ሙሉመቤት። "ለማን ተብሎ ነው? ከእኛ ልጆች እንትን ያለበት ማን አለ?"

ሲስተር ሪማ ተናገረች። እትዬ ሽታዬ እጇን እያሻሸች ተረጎመች። "ሊኖር ይችላል፣ ላይኖር ይችላል። አንጠይቅም፣ ያኒ፣ ለዚህ ነው ገጹ የሚያስፈልገው ትላለች።"

"እንዴት ነው የማንጠይቀው? ልጄ እዚህ ከሁሉም ጋር በአንድ ሳህን ነው የምትበላው! ያለበት ሰው ካለ ይወቅና ይለይልን፣ ኸላስ።"

ከዚያ ዓይኗን ከአንዷ ወደ አንዷ ታዞር ጀመር። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ የሌለባቸውም ጭምር። እናቴ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የሙሉመቤት ዓይን እዚያ ሲደርስ ቆመ።

"ባንቺ፣ ምነው አላበሽ?"

"እሷን ምን ትጠይቂያታለሽ?" አለች ዘቢባ ከወለሉ። "እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"እንትኑ ነዋ! እኔ ላይ ነው ያለው። ያ ገጽ ለእኔ ነው፣ ስለዚህ አይቀደድም።" ጸጉሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ አየቻት። "በይ እንግዲህ፣ አየሽኝ።"

ጓዳ ውስጥ ቤተል ውኃ ረጨችኝና ዞርኩ። እንደገና ሳጮልቅ፣ ዘቢባ አጠገብ የነበሩት ሁለት ሴቶች ተነስተው ቆመዋል። እትዬ ሽታዬ "በቃ፣ መጽሐፉ ይሄ ነው፣ ሙሉው" እያለች ነው። እናቴ ስሜን ጠራች፤ "ቀፀላ! ተነሺ እንሂድ!" ዘቢባ አጠገብ ስናልፍ እናቴ አላየቻትም፤ ደህና ዋይም አላለቻት። መንገድ ላይ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችኝ።

"ዘቢባ ምን አድርጋ ነው?" አልኳት።

"ዝም በይ።"

ቤት ገብተን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በማግስቱ በጸጉር ቤቱ በኩል ማለፍ ትታ በጋራዦቹ መንገድ ዞራ ሥራ ወደሚያደርሳት ቫን ሄደች። በሚቀጥለውም ቀን። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ደመደምኩ፤ ዘቢባ እናቴን በድላታለች። ሰው ፊት "እኔ ነኝ" ብላ አምናለች፤ እናቴ ደግሞ ይቅር አላለቻትም። በዳይና ተበዳይ ካልሆኑ ሰዎች መንገድ ቀይረው ይሄዳሉ? ሰው ውለታ ሲከብደውም መንገድ እንደሚቀይር የሚነግረኝ አልነበረም።

ትምህርቱ በዚያው መጽሐፍ ተጀመረ። ሲስተር ሪማ ሥዕሉን ታሳያለች፣ እትዬ ሽታዬ በአማርኛ ታስረዳለች፤ ለእያንዳንዱ የሰውነታችን ክፍል እንትን ያልሆነ ስም ስትፈልግ ፊቷ ይቀላል። ዘቢባም እንደ ወትሮዋ ትመጣለች። ነገር ግን ሻይ የምትጠጣበት ኩባያ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎ አየሁ። ጠዋት ላይ ደንበኞቿ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ቆመው ሌላዋን ሠሪ ይጠብቃሉ። ዘቢባ አሁንም ትስቃለች፤ አትክልት ሻጩ ጋ ግን አይደርስም።

"አትንኪያት" አለችኝ ቤተል በጆሮዬ። "እንትን አለባት። እማዬ በእጇ ይጋባል ብላለች።"

ሙሉመቤትን ክፉ ሴት አድርጌ መሣል አልፈልግም። እናቴ ሥራ ሲመሽባት ስንቴ አብልታኛለች። ፈራች፤ የፈራችው ደግሞ ለልጇ ነው። የእኔም እናት የምትፈራው ለልጇ ነበር።

የሹሩባዬ ቀን ደረሰ። ጸጉር ቤቱ ሙሉ ነው፤ እናቴም ከዚያች እሁድ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብታ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ዘቢባ ማበጠሪያዋን አራግፋ "ነይ የኔ እመቤት" አለችኝና እጇን ራሴ ላይ አደረገች።

"አትንኪኝ!" አልኩ።

እጇን እንደተቃጠለ ሰው ብድግ አደረገችው። እኔ ግን አልበቃኝም፤ እናቴ እየሰማች ስለሆነ፣ ለእሷ እየተበቀልኩላት መስሎኝ፣ ጮክ ብዬ ጨመርኩበት። "አንቺ እንትን አለብሽ። ታጋቢብኛለሽ።"

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየሁም። እናቴ ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልመታችኝም። ጆሮዬ እየጮኸ ሳያት፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍታ፣ እኔ ልቀመጥበት የነበረው ቦታ ዘቢባ እግር መሀል ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እናቴ ጸጉሯን ራሷ ነበር የምትሠራው፤ ለማንም ሰጥታ አታውቅም።

"እኔን ሥሪኝ" አለች።

ዘቢባ ማበጠሪያዋን አስተካክላ ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ ትጎነጉናት ጀመር።  እኔ ጉንጬን ይዤ ግድግዳው ሥር። እናቴ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። ለተበቀለችላት ልጇ ጥፊ፣ ለበዳይዋ ጸጉሯን! ዓለም ተገልብጣብኝ ነበር። እናቴ ከእኔ ይልቅ ዘቢባን ትወዳለች አልኩ፤ ያን ቂም ይዤው አደግኩ ብል አላጋነንኩም።

ያ ገጽ የሚነበብበት እሁድ ሲደርስ እናቴ ግንባሬን ነክታ "አተኩሶሻል" አለችኝ። አላተኮሰኝም። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ አስቀመጠችኝ። ስለዚህ ቤተልና ሌሎቹ የሰሙትን እኔ ብቻ ሳልሰማ ቀረሁ።

ዘቢባ ብዙ አልቆየችም። ጸጉሩን የሚሰጣት ሲጠፋ፣ እንደገና በሰው ቤት በአዳሪነት ገባች። ቤቱ ከቤይሩት ደቡብ ዳሒዬ ነው፣ አምስተኛ ፎቅ። ልትሰናበት ስትመጣ መጋረጃው ኋላ ተደበቅኩ። ስሜን ሁለቴ ጠርታ "አይ፣ አኩርፋኛለች" ብላ ሄደች።

ሐምሌ ላይ ጦርነቱ መጣ፤ አውሮፕላኖች ዳሒዬን ይደበድቡ ጀመር። እኛ ሰፈር ሆነን የዳሒዬ ፍንዳታ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከሕንፃው ጣሪያ ላይ ጭሱ ይታያል። ሴቶቹ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ስልክ እየደወሉ፣ ማን በሩ ተቆልፎበት እንደቀረ፣ ማዳሞቹ እነማንን ጥለው ተራራ እንደወጡ ያወራሉ። የዘቢባ ስልክ አይነሳም። እናቴ ሁለት ቀን ቻለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለእትዬ ሽታዬ አስረከበችኝ።

"አብደሻል ባንቺ? ዳሒዬ በምን ገብተሽ ነው?"

"በእግሬ።"

"ወረቀት የለሽ! ልጅሽስ?"

"እሷን እዚያ የከተትኳት እኔ ነኝ" አለች እናቴ።

እኔ ደግሞ ቆሜ እየሰማሁ "እማዬ፣ እሷ ጋ አትሂጂ" ብዬ ቀሚሷን ያዝኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቅቃ ሄደች። ሰርቪስ ታክሲው ግማሽ መንገድ አድርሷት "ከዚህ በኋላ አልሄድም" እንዳላት፣ የቀረውን በተሰበረ መስተዋት ላይ እንደተራመደች፣ ሕንፃውን ስታገኘው ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ተደርምሶ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ቀን ያየሁት ግን ከሰዓት በኋላ ጸጉሯ በአቧራ ነጭቶ፣ አንድ ጫማዋ ተበጥሶ ስትገባ ነው። እትዬ ሽታዬ አፏን ይዛ ተነሳች።

"የለችም" አለች እናቴ። "ጥበቃው ሰውዬ ነገረኝ። ቤቱ ሳይመታ በፊት ሰዎቹ ይዘዋት ወጥተዋል፣ ወደ ሶሪያ በኩል።" ከዚያ ካስኩ ሥር ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። በኋላ ዘቢባ ከደማስቆ ወደ አገር ቤት ከተመለሱት ጋር እንደገባች ተሰማ። እናቴም በሆዷ የያዘችውን ሳትነግራት ቀረች።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ሲስተር ሪማ የምትሠራበት ክሊኒክ ወሰደችኝ። በሩን ዘጉ። ሲስተር ሪማ ያንን ሰፊ ስስ መጽሐፍ አውጥታ፣ ያልተቀደደውን ገጽ ገለጠችልኝ። አሁን አረብኛ ማንበብ ችዬ ነበር። ራሴ አነበብኩት። ልጅቷ በደሟ ውስጥ ኤች አይ ቪ ይዛ እንደተወለደች፣ መድኃኒቷን በየቀኑ እንደምትውጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ በመነካካት እንደማይተላለፍ። ከረሜላ የመሰለኝ ነጭ ነገር እኔ የማውቀው ኪኒን ነበር።

ስለ ራሴ መጠየቅ ነበረብኝ። ስለ መሞት፣ ስለ መኖር፣ ስለ አባቴ። ከአፌ የወጣው ግን "ዘቢባም እንደኛ ናት?" የሚል ነው።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። "ዘቢባ ምንም የለባትም። አልነበረባትምም።"

"ታዲያ ለምን 'እኔ ነኝ' አለች?"

"ዓይናቸው እኔ ላይ ሲመጣ አይታ።"

"አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?"

የቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ ዘጋች። "ከታወቀ አንቺን ያገሉሻል አልኩ። አልፎ ወረቀት የሚጠይቁት እንትኖቹ ጆሮ ቢደርስ ያባርሩናል፣ ከዚያ መድኃኒትሽን ማን ይሰጥሻል አልኩ። ቀፀላ፣ እኔ ጀግና አይደለሁም። ሰው ተሸከመልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ።"

ልቆጣት ፈለግኩ፣ ላቅፋት ፈለግኩ፣ ራሴን ልመታ ፈለግኩ፤ የቱን ማስቀደም እንዳለብኝ አላውቅም። እኔ ነኝ ያንን ጮክ ብዬ የተናገርኩት፤ ያለብኝ ልጅ፣ የሌለባትን ሴት። እትዬ ሽታዬ ከብዙ ልመና በኋላ የሐይቅ ስልክ ቁጥር አገኘችልኝ። ደወልኩ፤ "ሄሎ" የሚለውን ድምጿን ስሰማ ዘጋሁት። እንደዚያ እያደረግኩ ዓመታት አለፉ።

በፈረንጆቹ 2018 ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። እሁድ እሁድ ለልጆቹ መጽሐፉን የማነበው እኔ ሆኛለሁ። አንድ እሁድ ትምህርት ጨርሰን ወንበር ስደረድር፣ አርባውን ያለፈች ወፈር ያለች ሴት በሩ ላይ ቆማ "ሽታዬ የለችም እንዴ?" አለች። ድምጿን ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በአዲስ ኮንትራት ከተመለሰች አራት ወሯ ነበር፤ ማዳሟ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ፈቅዳላት ነው የመጣችው።

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ።

"የባንቺ።"

አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ያ ሳቅ መጣ፤ ውጪ ያሉት ሰዎች ዞሩ። አቅፋ ስትለቀኝ ደረጃው ላይ አስቀመጥኳትና፣ ድፍረቱ ሳይሸሸኝ ሁሉንም ነገርኳት። እኔ ላይም እንዳለ። ከልደቴ ጀምሮ። ያን ቀን "አትንኪኝ" ያልኳት እኔው እንደሆንኩ።

 "አንቺ?" አለች። "እኔ እኮ እናትሽ ብቻ መስላኝ ነበር።" መዳፌን ይዛ ገለበጠችው፣ አሻሸችው። "መድኃኒቱ ይስማማሻል? ትበያለሽ?"

"ይስማማኛል። ግን ለምንድን ነው ያልሽው ዘቢ?"

"ምን አውቄ! አፌ ቀደመኝ። ቤቴ ገብቼ ተጸጽቻለሁ እኮ፣ እንዳይመስልሽ። ሽታዬ 'ተመርመሪና ወረቀቱን አምጥተሽ አፋቸውን አስይዢ' ብላኝ ነበር።"

"ለምን አላደረግሽውም?"

"እኔ ነጻ ከወጣሁ ሙሉመቤት ዓይኗን ማን ላይ ልታሳርፍ ነው?" አለች። "እውነቱን ልንገርሽ። ያን ቀን ቶሎ አልተናገርኩም። እናትሽን ሲያልባት አይቻለሁ። ሥራዬን አሰብኩ፣ ስሜን አሰብኩ፣ ያቺ ምስኪን እስክትጨነቅ ዝም ብዬ አየኋት። አንቺም እንዳለሽበት ባውቅ ግን፣ ወላሂ፣ ገና ገጹ ሲገለጥ ነበር የምጮኸው።"

 ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

"እናትሽ የት ናት?"

"ቤት ናት።"

"ያላ፣ ውሰጂኝ። ሰዓት የለኝም።"

እናቴ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዘቢባ የምትለውን ስታዘጋጅ ኖራለች። አንዳንዴ ዕቃ ስታጥብ ብቻዋን ስታወራ ሰምቻታለሁ፤ ይቅርታ፣ ምርቃት፣ ሌላም። በሩን አንኳኳሁ። ከፈተች። እኔን አየች፣ ከኋላዬ ዘቢባን አየች።  

"በልተሻል?" አለች።

"አልበላሁም" አለች ዘቢባ፤ ጫማዋን አውልቃ ገባች።